የባለ አላባዋ በሮች

ሌባ በር ሰብሮ ይገባል፤ ካልሆነለትም በር ላይ የቆመውን ሰው አታልሎ ያልፋል። በሩን ራሱን ነቅሎ፣ በምትኩ ሌላ በር ገጥሞ፣ ከኋላው ዘግቶ የሚሄድ ሌባ ግን ኢንስፔክተሩ በሥራ ዘመኑ ሁሉ አጋጥሞት አያውቅም ነበር።

ቤቱ ከምድር ዳቦ ቤት፣ ከላይ መኖሪያ ያለው አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ነው። የመኖሪያው በሮችና የመስኮቶቹ መዝጊያዎች፣ የደረጃው መደገፊያ ሳይቀር፣ በአንድ ዘመን ከጥቁር እንጨት በእጅ የተቀረጹ ነበሩ። ዛሬ በየቦታቸው የቆመው ግራጫ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው። አቤቱታውን ያቀረበው የቤቱ ባለቤት ሲሆን፣ በሌላ ከተማ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ነው። እንጀራ እናቱ በሞተች በሳምንቱ ቤቱን ሊረከብ መጣ፤ ደረጃውን ወጥቶ እጁን ወደ መደገፊያው ሲዘረጋ የጨበጠው የውሃ ቧንቧ ሆኖ አገኘው።

«አያቴ ናቸው የቀረጿቸው» አለ ሐኪሙ ኮቱን ሳያወልቅ በባዶው ሳሎን መካከል ቆሞ። «አንድ በር ለመጨረስ አንድ ክረምት ይፈጅባቸው ነበር። አሁን የቀረኝ የዶሮ ቤት መዝጊያ ነው።»

«መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አባቴ በተቀበሩ ሰሞን። አሥራ አራት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ከዚያ ወዲህ?»

«ይህን ደጃፍ ረግጬው አላውቅም። የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«የቤተሰብ ጉዳይ ያልሆነ ወንጀል ያሳየኝ ሰው ደሞዜን ይውሰድ» አለች ሳጅኗ፣ ለራሷ የተናገረች መስላ።

ሳጅኗ አፏም እግሯም ፈጣን ነበር። ኢንስፔክተሩን ደግሞ ባልደረቦቹ ከኋላው «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፤ አልከፋውም። ሁለቱ አብረው የሚሠሩት ስለሚስማሙ ሳይሆን፣ አንዱ የዘለለውን ሌላው ስለሚያነሣው ነው።

ሐኪሙ ጥፋተኛዋን አስቀድሞ ለይቶ ጨርሷል። «የእህቷ ልጅ ናት። ሴትዮዋ አልጋ ላይ ስትውል ቤቱን እንደ በግ ገፈፈችው። ከሁለቱ በቀር እዚህ የኖረ ሰው የለም። የሞተችው አትሸጥም፤ ማን ቀረ?»

ልጅቷ በዚህ ቃል መሠረት ከትናንት ጀምሮ በጣቢያው ማረፊያ ቤት ነበረች። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ገና ከአሁኑ ጠይቋል፤ እንዲህ ያለው ስርቆት ከተረጋገጠ የሚያስከትለው የዓመታት እስራት ነው።

ኢንስፔክተሩ በሳሎኑ በር መቃን አጠገብ በርከክ አለ። አዲሱ በር የተሰቀለው ከአሮጌው ማጠፊያ ስፍራ ገለል ተደርጎ፣ በቀጫጭን ምስማሮች ነው። የአሮጌው ብሎኖች የነበሩባቸው ቀዳዳዎች ባዶ አልነበሩም። እያንዳንዳቸው በእንጨት ሽብልቅ ተደፍነው፣ ላያቸው ሰም ተቀብቶ፣ ሰሙም በጨርቅ ተወልውሏል። ጣቱን አሳርፎ አሸተተው።

«ምን አዩ?» አለች ሳጅኗ።

«ገና አላየሁም። ነካሁ እንጂ።»

*

ልጅቷ በማረፊያ ቤቱ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጠበቀችው። ዕድሜዋ ከሃያዎቹ አጋማሽ አያልፍም። በሽተኛ ስታነሣ የኖረች በመሆኗ ትከሻዋ እንደ ሸክም ሠራተኛ ጠንክሯል።

«እኔ ስመጣ እንዲሁ ነበሩ» አለች። «አራት ዓመት ሆነኝ። ያኔም ግራጫ ነበሩ።»

«የሚመሰክርልሽ አለ?»

«አክስቴ ሰው ቤቷ አታስገባም ነበር። አንድ ሽማግሌ አናጢ ይመላለሱ ነበር ይባላል፤ እሳቸውም እኔ ሳልመጣ ሞተዋል።»

«ስለ በሮቹ ጠይቀሻት አታውቂም?»

«አንድ ቀን በሩ ለምን እንዲህ ይቀላል አልኳት። "ለእንግዳ ቀላል በር ይበቃዋል" አለችኝ። እንግዳው እኛው ነን። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የምትለው፤ ቤቱ ባለቤት አለው፣ እኛ እንግዶች ነን። ሥዕል ልስቀል ብል ግድግዳውን በምስማር አታስመታኝም። ባለቤቱ ሲመጣ የማሳየው አለኝ ትል ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ነግራኝ አታውቅም።»

«ሊሞቱ ሲሉስ ያሉት ነገር አለ?»

«ከመሞቷ ወራት በፊት አንደበቷ ተያዘ። የሚታዘዝላት አንድ እጇ ብቻ ነበር። በእሱ ወደ ወለሉ ታመለክታለች፤ ወደ ታች፣ ወደ ታች። ዳቦ ያማራት መስሎኝ ሮጬ ከታች ትኩስ ዳቦ አመጣላታለሁ። ስታየው ታለቅሳለች። መዋጥ ያቃታት መስሎኝ በሻይ እያራስኩ አጎርሳት ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያም ያልወደደውን ጥያቄ ጠየቀ። «ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ሱቅ ስትወጪ ታይተሻል። በሰው አሸክመሽ የሄድሽው ዕቃ ነበር።»

«የአክስቴ አልነበረም።»

«የማን ነበር?»

«እሱን አልናገርም።»

«ልጄ፣ ይህ የሚጎዳው አንቺን ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

*

የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ሱቅ ሰውን ለማሳለፍ ታስቦ የተደራጀ አልነበረም። ሳጅኗ በጎኗ፣ ኢንስፔክተሩ በትከሻው፣ ሐኪሙ በብስጭቱ እየገፉ ገቡ። በመጨረሻው ግድግዳ ላይ ጥንድ የተቀረጸ የመስኮት መዝጊያ ተደግፏል።

«ይኸው!» አለ ሐኪሙ። ቀረብ ብሎ አየውና ግን ድምፁ ወረደ። ቅርጹን በመዳፉ አበሰው፤ ጀርባውን ገልብጦ ተመለከተ። ውሸታም ሰው አልነበረም፤ ስለዚህም መናገሩ ከበደው። «የአያቴ እጅ አይደለም። እሳቸው እንዲህ አያቻኩሉም።»

«እኔ እኮ ከመግባታችሁ በፊት ልነግራችሁ ነበር» አለ ነጋዴው። «ነገር ግን ከፖሊስ ጋር ቀድሞ መናገር ልማዴ አይደለም።»

«አሁን ተናገራ» አለች ሳጅኗ። «ያቺ ልጅ ምን ሸጠችልህ?»

«የስፌት መኪና። እናቷ ለኑሮዋ የሰጠቻት ነው። ለአክስቷ መድኃኒት ብላ ነው። አሁን እዚያ ጥግ፣ ከሰዓቶቹ ሥር አለ። እስክቤዠው አትሽጥብኝ፣ እናቴ ከሰማች ታዝናለች ብላኝ እስካሁን ጨርቅ አልብሼ አስቀምጬዋለሁ። ነጋዴ ብሆንም ሰው አይደለሁም እንዴ?»

«አንዳንዴ» አለች ሳጅኗ፤ ድምፅዋ ግን ከቃሏ ይልቅ የለሰለሰ ነበር።

ሐኪሙ የስፌት መኪናውን አየ። ከዚያም ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ፣ «ይህ በሮቹ የት እንዳሉ አይነግረኝም» አለ። እውነቱን ነበር።

*

ዳቦ ጋጋሪው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ ወፍራም ሰው ነው። ዳቦ ቤቱን ከታላቅ ወንድሙ ተረክቦ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ኢንስፔክተሩ በሮች ሲወርዱ አይቶ እንደሆነ ሲጠይቀው ላቡ በግንባሩ ችፍ አለ።

«እኔ የማየው ሊጥ ነው ጌታዬ። ከሊጥ ቀና ካልኩ ደግሞ የማየው ምድጃ ነው።»

«ለምን አላበህ?»

«ምድጃው ነዋ!»

«ምድጃው ዛሬ ጠፍቷል» አለች ሳጅኗ።

ጋጋሪው በሽርጡ ፊቱን ጠረገ። ዓይኑ ግን ሳያስበው ወደ ጓሮው በር ሄዶ ተመለሰ። ኢንስፔክተሩ አየው፤ አላሳደደውም። ፈሪ ሰው ሲባረር የሚሮጥበትን አቅጣጫ ራሱም አያውቀውም፤ ሲተዉት ግን የደበቀውን ነገር እየዞረ ይጎበኛል።

«እኔ ልጠይቅዎት» አለ ጋጋሪው በጭንቀት። «እትዬ ሲሞቱ የኔም ውል አብሯቸው ሞተ ይላሉ፤ እውነት ነው? ሐኪሙ ናቸው ያሉኝ። እትዬ የነበራቸው የአላባ መብት ብቻ ነው አሉ። ኪራዩን የምከፍለው ለሳቸው፣ ደረሰኙን የሚቆርጡልኝ እሳቸው፤ እኔ ባለቤቷ መስለውኝ ነበር። አላባ ማለት ምን ማለት ነው?»

ኢንስፔክተሩ ቃሉን በፖሊስ ኮሌጅ ተምሮታል፤ ለፈተና የተማሩት ነገር እንደሚሆነው ሁሉ ግን ከፈተናው ጋር ሄዷል። የማያውቀውን ለመመለስ አልደፈረም። «አጣርቼ እነግርሃለሁ» አለው።

*

የሐኪሙን ሟች አባት ኑዛዜ ያዘጋጁት ውል አዋዋይ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ከመጻሕፍት ጋር ይኖራሉ። ጥያቄውን ሲሰሙ ከወንበራቸው በወጣት ፍጥነት ተነሡ፤ ለዓመታት ማንም ያልጠየቃቸውን ጠይቋቸዋልና።

«አላባ!» አሉ። «ሥሩ አለበ ነው፤ ግእዙ ሐለበ ይላል፤ ሐሊብ ወተት ነው። እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ሌላ የሚል ሊቅ ካለ ይምጣና እንከራከራለን። የሌላውን ሰው ንብረት ይዘህ ፍሬውን የመብላት መብት ነው። ትኖርበታለህ፣ ታከራየዋለህ፣ ኪራዩን ትወስዳለህ፤ መሸጥ ግን አትችልም። ስትሞት መብቱ አብሮህ ይሞታል፤ ለልጅህ እንኳ አይተላለፍም።»

«እንዲህ ያለ መብት ለምን አስፈለገ?»

«ለመበለቶች ነዋ! የጥንት ሮማውያን ያወጡት ነው፤ እነሱ ስሙን መጠቀምና ፍሬ መብላት ከሚሉ ሁለት ቃላት አጣምረው ሠሩት። አንድ ሰው ሚስቱ ደጅ እንዳትወድቅበት ይፈልጋል፤ ቤቱ ከልጆቹ እንዲወጣም አይፈልግም። ታዲያ ምን ያድርግ? ባለቤትነቱን ለሁለት ከፈለው፤ ለአንዱ ሥጋውን፣ ለሌላው ፍሬውን። የዚህ ቤት ጌታም ያደረገው ይህንኑ ነው። ቤቱን ለልጁ፣ አላባውን ዕድሜ ልክ ለሚስቱ ተናዘዘ።»

«ለሚስትየዋ አስረድተዋት ነበር?»

«አሳምሬ! ኑዛዜው ሲነበብ፣ ይህ ቃል ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ላሟ የልጁ ናት፣ ወተቷ ያንቺ ነው አልኳት። እያለብሽ ትኖሪያለሽ፤ ቀንሽ ደርሷል ስትባዪ ላሟን እንዳለች ታስረክቢያለሽ። እሷም ደግማ ጠየቀችኝ፤ "ሳላከሳት?" አለች። ሳታከሻት፣ ቀንዷን ሳትሰብሪ አልኳት። በጥሞና የምታዳምጥ ሴት ነበረች።»

ኢንስፔክተሩ ጣቱ ላይ የቀረውን የሰም ሽታ አስታወሰ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አባባ። በር ይከፈታል ይዘጋል። በአሥራ አራት ዓመት ማጠፊያው ይላላል፣ ቅርጹ ይፋቃል። ሕጉ ይህንንም ያስከፍላል?»

«ኧረ በፍጹም! በደንበኛ አገልግሎት ያረጀ ነገር ባለ አላባውን አያስጠይቅም። ግልጽ ነው፤ በሕግ የተጻፈ ነው።»

«ይህንንስ ነገሯት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ምሳሌው አምሮልኝ ነበር» አሉ። «እዚያው ላይ አቆምኩ።»

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ሐኪሙን ወደ ፎቁ ጠርቶ በሳሎኑ መቃን አጠገብ አቆመው።

«እርስዎ ጥርስ ነው የሚያክሙት። ጣትዎን እዚህ ያሳርፉና ሙያዎ የሚለውን ይንገሩኝ።»

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ኢንስፔክተሩን አየው፤ ከዚያ የተደፈነውን ቀዳዳ ዳሰሰ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም ዳሰሰ። ኪሱ ውስጥ ካለው ትንሽ ባትሪ መብራት አብርቶ ተጠጋ። የባለሙያ ፊቱ የባለ ንብረት ፊቱን ሲያስለቅቀው ይታይ ነበር።

«ሙሌት ነው» አለ። «ንጹሕ ሙሌት ነው። ትል እንዳይገባ፣ እርጥበት እንዳይገባ። ጥርስ ነቅሎ የሚጥል ሰው በዚህ ልክ አይጠበብም። እንዲህ የሚያደርገው ቦታውን ለሌላ ቀን…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«ለሌላ ቀን የሚያቆየው ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሌባ ለቆመው መቃን አይጨነቅም። አሁን ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ያሉትን ይንገሩኝ። ኑዛዜው በተነበበ ቀን ምን ተባባላችሁ?»

ሐኪሙ መብራቱን አጠፋ። ለመናገር ወደ መስኮቱ መዞር ነበረበት።

«ተናድጄ ነበር። እናቴ የሞተችበት ቤት ነው፤ ለሌላ ሴት ሲሰጥ… ሰው ሁሉ ባለበት ተናገርኳት። "ቤቱን ግጠሽ ግጠሽ አጥንቱን ነው የምታስረክቢኝ" አልኳት።»

«እሷስ?»

«"እንዳለ ትረከባለህ" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔም ከዚያ ወዲያ አልመጣሁም።»

«እንግዲህ ቃሏን ለመጠበቅ ስትል በሮቹን ከራሷ እጅ ጠበቀቻቸው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ያን አናጢ ጠርታ አንድ በአንድ አስወረደች፤ ራሷ በኮምፔንሳቶ መሃል ኖረች። ሲመጡ ልታሳይዎት ነበር። እርስዎ ሳይመጡ አንደበቷ ተያዘ።»

«ታዲያ የታሉ? ይህን ቤት ፖሊስ ፈትሿል።»

«ፎቁን ነው የፈተሽነው። የምድሩ ቤት የተከራይ ነው ብለን አልገባንበትም። አሮጌ እንጨት ደግሞ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። በዚህ ቤት ከሁሉ ደረቅ የሆነው የት ነው?»

ሳጅኗ ከበሩ ላይ ሆና ወደ ወለሉ አየች። «ወደ ታች» አለች ቀስ ብላ። «ዳቦ አልነበረም ያማራት።»

*

ዳቦ ጋጋሪው ሦስቱን በጓሮው በር ሲገቡ ሲያያቸው ገና ሳይጠየቅ እጁን አነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ውሉ ከምድጃው በላይ ያለውን ቆጥ አትንካ ይላል። ዱቄቴን እርጥበት ፈጀብኝና ከቆጡ በር ፊት ደረደርኩት። ቆጡን ግን አልከፈትኩም! አዲሱ ባለቤት ውል አፈረሰ ብለው እንዳያስወጡኝ ነው የዋሸሁት።»

«ቆጡ ውስጥ ያለው ምን ነበር የመሰለህ?»

«የእትዬ የክረምት ልብስ።»

«ጆንያውን አንሣ» አለችው ሳጅኗ። «አልቅሰህ ስትጨርስ ደግሞ ፈጠን በል።»

ጆንያዎቹ ወደ ቆጡ ከሚያወጣው መሰላል አናት ሲነሡ ዝቅ ያለች መዝጊያ ወጣች። ጋጋሪው በብረት ፈለቀቃት። ከውስጥ የሞቀ የሰም አየር ወጣ። በሮቹ በቁማቸው ተደርድረው፣ እንጨት ከእንጨት እንዳይፋቅ በመካከላቸው ጣውላ ገብቶ፣ እያንዳንዱ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅሎ በገመድ ታስሯል። የደረጃው መደገፊያ በቁራጭ በቁራጩ ተጋድሟል። ማጠፊያዎቹም ዘይት ተቀብተው በጨርቅ ተቋጥረዋል።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ገባና ቅርብ ያገኘውን ገመድ ፈታ። የሳሎኑ በር አልነበረም፤ የማድ ቤቱ ነበር። አያቱ ለልምምድ የሠሩት፣ አንድ ጎኑ የተጣመመ፣ ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮት የማያውቅ በር ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ ተሰንግሎ፣ ሰም ተቀብቶ፣ ብርድ ልብስ ለብሷል።

ለረጅም ጊዜ አልወጣም። ሲወጣ ጉልበቱ ዱቄት ለብሶ ነበር፤ አላራገፈውም።

«እሳቸው…» አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንጀራ እናቱን በአክብሮት ሲጠራ ማንም ሰምቶት አያውቅም። «እሳቸው ይህን ሲያደርጉ ማን አስገደዳቸው?»

ኢንስፔክተሩ መልሱን ያውቅ ነበር፤ ሐኪሙም ያውቀዋል።

*

ልጅቷ በዚያው ምሽት ተፈታች። ሐኪሙ በጣቢያው መተላለፊያ ቆሞ ሲጠብቃት፣ ሊናገር ያዘጋጀው ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር፤ ስታየው ግን ሁሉም ጠፋበት።

«በድዬሻለሁ» አለ ብቻ።

«አዎ» አለች ልጅቷ። ሳጅኗ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከቤቱ የምትወስጂው የእሳቸው ዕቃ አለ? ያሻሽን ውሰጂ።»

«ብርድ ልብስ ካላት። አልጋዋ ላይ የነበረው ነጠላ አብሯት ሄደ።»

«ወፍራሞቹ ታች ናቸው፤ በሮቹ ለብሰዋቸዋል።»

ልጅቷ በመጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወደ አግዳሚው ተመልሳ ተቀመጠች። «ክረምቱን ሁሉ በነጠላ ነበር የምታድረው» አለች። «ሌላ የለኝም ትለኝ ነበር።»

ሐኪሙ ከጎኗ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትቶ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን በዓይኑ ጠቀሳትና ሁለቱም መዝገቡን ለመዝጋት ወደ ቢሮ ገቡ።

በቀጣዩ ወር፣ በከተማው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ፣ የቤቱ ባለቤት በሚለው ረድፍ የሐኪሙ ስም ሰፈረ፤ የዕድሜ ልክ ባለ አላባ በሚለው ረድፍ የልጅቷ።